እያወቁ አለማየት

በአንድ ቀበሌ የተተከለ የእጅ ፓምፕ ተበላሸ እንበል። እናቶች እንደ ቀድሞው እንስራ አዝለው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። ነገሩን የሚያውቁ ሦስት የፕሮጀክት ሠራተኞች አሉ፤ ሦስቱም ምንም አላደረጉም። ከውጭ ለሚመለከታቸው ሦስቱም ቸልተኞች ናቸው። ዳሩ ግን በልባቸው ውስጥ ያለው ነገር ይለያያል፤ ስለዚህ መድኃኒቱም አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው ይጨነቃል። «ለሥራዬ ታማኝ ነኝ» የሚለው አሳቡና «ፓምፑን ሳላሠራ ወራት አለፉ» የሚለው እውነት አብረው መኖር አልቻሉም። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ምሁር ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ያብራራው ይህንኑ የአሳብ አለመጣጣም ነው። ሰው ከዚህ ጭንቀት ለመውጣት ወይ ሥራውን ወይ አሳቡን ይለውጣል። አሳብን መለወጥ ስለሚቀል፣ «ሕዝቡስ ፓምፑን መቼ ጠበቀው?» ማለት ይጀምራል።

ፌስቲንገርና ጄምስ ካርልስሚዝ በ1959 ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን ለአንድ ሰዓት ያህል አሰልቺ ሥራ አሠሩ። ከዚያም ለሚቀጥለው ተረኛ «ሥራው ደስ ይላል» ብለው እንዲነግሩ ለአንዳንዶቹ 1 ዶላር፣ ለሌሎቹ 20 ዶላር ሰጡ። በኋላ ሲጠየቁ ሥራውን ይበልጥ የወደዱት 1 ዶላር የተቀበሉት ሆኑ። 20 ዶላር ያገኘው «ስለ ገንዘቡ ተናገርሁ» ሊል ይችላል፤ 1 ዶላር ያገኘው ግን በቂ ምክንያት ስላጣ አሳቡን ከአፉ ጋር አስማማ። ይህ ሪፖርት ለምንጽፍ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው። በትንሽ ምክንያት ያሳመርነውን ቃል ውሎ አድሮ ራሳችን ልናምነው እንችላለን።

ሁለተኛው ሠራተኛ አይጨነቅም፤ እውነቱን ወደ ልቡ አላስገባውምና። «አልተበላሸም፤ ደጋግመው ቢገፉት ውኃ ይመጣል» ይላል። ይህ መካድ ነው። አና ፍሮይድ በ1936 ባሳተመችው መጽሐፍ ሰው ራሱን ከሚከላከልባቸው መንገዶች አንዱ አድርጋ ጽፋበታለች። ከውሸት ግን ይለያል። ጴጥሮስ «አላውቀውም» ሲል የሚናገረው እውነት እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። በዚህኛው መካድ ግን ሰውየው አስቀድሞ የሚያሳምነው ራሱን ነው።

ሦስተኛው ሁለቱንም እውነት አይክድም፤ ነገር ግን በየጓዳው ለይቶ ዘግቶባቸዋል። ጠዋት ስለ ንጹሕ ውኃ ጥቅም ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ በተበላሸው ፓምፕ አጠገብ ያልፋል። ሁለቱ ስለማይገናኙ ጭንቀት የለም። ንጉሥ ዳዊት በድሀው ሰው በግ ላይ ስለ ተፈጸመው ግፍ እጅግ ሲቈጣ፣ በኦርዮ ላይ ያደረገው በሌላ ጓዳ ተዘግቶ ነበር። ናታን የመካከሉን በር ከፈተለት።

እንዲህ ለይቶ ማስቀመጥ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። በምግብ ማደያ ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ሐዘኗን ለጊዜው ወደ ጎን ካላደረገች እጇ አይታዘዝላትም። ጉዳቱ በሩ ከነጭራሹ ሳይከፈት ሲቀር ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የሚጨነቀውን «ግድ የለም» እያልን አናደንዝዘው፤ ጭንቀቱ ሕሊናው መንቃቱን ያሳያል። መለዋወጫ ዕቃና የጥገና ቀን እንስጠው። የሚክደውን በክርክር ብናስጨንቀው ይበልጥ ይዘጋል፤ ምን እንደሚፈራ እንጠይቀው፤ ጉድለትን መናገር እንደማያስቀጣው እናረጋግጥለት፤ ከዚያም አብረነው ወደ ፓምፑ እንሂድ። ለሦስተኛው የትምህርት ፕሮግራሙንና የፓምፑን መዝገብ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን እናስቀምጥለት።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በሽታን ሳይለዩ የሚሰጥ መድኃኒትም አያድንም። በየወሩ ስብሰባችን «ምን ሠራን?» ከማለት ጋር «የምናውቀውና ያልነካነው ምንድር ነው?» ብለን ብንጠይቅ፣ እናቶች ወደ ወንዝ የሚወርዱበት ጊዜ ያጥራል።