ባንኮች ስጋትን እንዴት ይለካሉ? ከሲሊከን ቫሊ ባንክ ውድቀት የምንማረው

ይህ ጽሑፍ ፋይናንስ ለሚያጠኑ ብቻ የተዘጋጀ አይደለም። ገንዘቡን ባንክ የሚያስቀምጥ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ ነው።

ብዙዎቻችን ባንክን የምናየው ገንዘብ እንደሚጠበቅበት መጋዘን ነው። ሥራው ግን ሌላ ነው። ባንክ እኛ በፈለግነው ሰዓት የምናወጣውን ገንዘብ ተቀብሎ፣ ለዓመታት በማይመለስ ብድር ወይም ቦንድ ላይ ያውለዋል። ትርፉም ስጋቱም የሚመነጨው ከዚሁ የጊዜ ልዩነት ነው። ስለዚህ ባንክ ስጋትን ጨርሶ ሊያስወግድ አይችልም። ሊወስን የሚችለው ምን ያህሉን እንደሚሸከምና ሲበዛበት በምን እንደሚያውቅ ነው።

የባንክ ስጋት ብዙውን ጊዜ በአራት ይከፈላል። ተበዳሪው ዕዳውን ሳይከፍል የመቅረቱ ዕድል የብድር ስጋት ይባላል። ወለድ፣ የውጭ ምንዛሪ ወይም የአክሲዮን ዋጋ ሲለዋወጥ የሚመጣው የገበያ ስጋት ነው። አስቀማጮች ገንዘባቸውን ሲጠይቁ በቂ ጥሬ ገንዘብ አለመገኘቱ የሊኩዊዲቲ ስጋት ነው። በሠራተኛ ስህተት፣ በማጭበርበር ወይም በኮምፒውተር ብልሽት የሚደርሰው ደግሞ የአሠራር ስጋት ይባላል። በመማሪያ መጽሐፍ ለየብቻቸው ቢቀመጡም፣ በተግባር አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል። የሲሊከን ቫሊ ባንክ ታሪክ ይህንን በደንብ ያሳያል።

የካሊፎርኒያው ባንክ ደንበኞች በአብዛኛው የቴክኖሎጂ ጀማሪ ኩባንያዎችና በእነርሱ ላይ ገንዘብ የሚያፈሱ ባለሀብቶች ነበሩ። ከ2019 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ተቀማጩ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ አደገ። ባንኩ ከዚህ ገንዘብ ብዙውን የአሜሪካ መንግሥት ቦንድና መንግሥት የሚደግፋቸውን የቤት ብድር ሰነዶች ገዛበት። በብድር ስጋት ዓይን ሲታይ ከዚህ የተሻለ አስተማማኝ ነገር የለም፤ መንግሥት ዕዳውን ይከፍላላ! የገበያ ስጋቱ ግን ሌላ ነው።

በምሳሌ እንየው። በዓመት 1.5 በመቶ ወለድ የሚከፍል የ10 ዓመት ቦንድ በ1,000 ዶላር ገዛችሁ እንበል። በማግስቱ የገበያው ወለድ 4 በመቶ ቢሆን፣ ማንም የእናንተን ቦንድ በ1,000 ዶላር አይገዛም። የሚያወጣው ዋጋ 797 ዶላር ያህል ነው። አሥሩን ዓመት ከጠበቃችሁ ሙሉ ገንዘባችሁ ይመለስላችኋል። ዛሬ ለመሸጥ ከተገደዳችሁ ግን ሃያ በመቶ ያህሉን አጥታችኋል።

የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ ወለዱን ከዜሮ አካባቢ አንሥቶ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ4.5 በመቶ በላይ አደረሰው። በ2022 መጨረሻ ሲሊከን ቫሊ ባንክ እስከ ክፍያ ጊዜያቸው ሊይዛቸው ባሰባቸው ቦንዶች ላይ ብቻ ገና ያልተመዘገበ የ15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ኪሳራ ተከማችቶ ነበር። የባንኩ ጠቅላላ ካፒታል 16 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር።

ባንኩ ይህን የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውም ወይ? ነበረው። ባንኮች በርካታ መለኪያዎች ይጠቀማሉ። አንዱ ቫሊው አት ሪስክ ይባላል። የአንድ ቀን መለኪያው በ99 በመቶ 1 ሚሊዮን ዶላር ከሆነ፣ ከመቶ ቀናት በ99ኙ ኪሳራው ከዚህ አይበልጥም ማለት ነው። በቀረችው አንድ ቀን ምን ያህል እንደሚጠፋ ግን አይነግረንም። ለዚህ ሲባል የጭንቀት ፈተና ይደረጋል፤ ወለድ በድንገት ቢጨምር ወይም አስቀማጮች በአንድ ጊዜ ቢመጡ ምን ይሆናል ተብሎ ይሰላል። ሦስተኛው፣ የወለድ ለውጥ የባንኩን ሀብትና ዕዳ ዋጋ ምን ያህል እንደሚለውጥ የሚያሰላ ሞዴል ነው።

ማዕከላዊ ባንኩ በኋላ ባወጣው የምርመራ ሪፖርት እንደተገለጸው፣ ይህ ሦስተኛው ሞዴል ባንኩ ራሱ ካስቀመጠው ገደብ ማለፉን በተደጋጋሚ አሳይቶ ነበር። በሚያዝያ 2022 ኃላፊዎቹ ቦንዶቹን ከመቀነስ ይልቅ፣ ደንበኞች ገንዘባቸውን ለረዥም ጊዜ ሳያወጡ ይቆያሉ የሚለውን ግምት ከፍ አደረጉት። ቁጥሩ ተሻሻለ፤ ስጋቱ ግን ባለበት ነበር። ትኩሳት ያሳየውን ቴርሞሜትር እንደመቀየር ማለት ነው። ከወለድ ጭማሪ የሚከላከሉለትን ውሎችም ባንኩ በዚያው ዓመት አስወገደ። የስጋት ዋና ኃላፊው ወንበርም ለስምንት ወራት ያህል ባዶ ነበር።

መጋቢት 8 ቀን 2023 ባንኩ 21 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጡ ሰነዶችን ሸጦ 1.8 ቢሊዮን ዶላር መክሰሩን አስታወቀ። በማግስቱ ደንበኞች 42 ቢሊዮን ዶላር አወጡ። ለቀጣዩ ቀን ደግሞ 100 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሊወጣ ተጠባብቆ ነበር። መጋቢት 10 ባንኩ ተዘጋ። የገበያ ስጋቱ የሊኩዊዲቲ ስጋትን ጎትቶ አመጣ። ደንበኞቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁና ከአንድ ዘርፍ የመጡ ስለነበሩም ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ።

ታዲያ ስጋትን ማስተዳደር ማለት ቁጥር ማውጣት ብቻ አይደለም። ገደብ ማስቀመጥ፣ ገደቡ ሲታለፍ እርምጃ መውሰድ፣ አስቀማጮችን ከተለያየ ዘርፍ ማሰባሰብ፣ በቂ ጥሬ ገንዘብ መያዝና ለአለቃ “አይሆንም” የሚል ነፃ የስጋት ክፍል ማቋቋም ነው።

ለእኛስ? ከተቀማጩ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከመድን ሽፋን ውጭ ስለነበር ደንበኞቹ መሸሻቸው አያስገርምም። በአሜሪካ የፌዴራል መድን የሚሸፍነው በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 250 ሺህ ዶላር ነው። ይህ ለተማሪ ሩቅ ቁጥር ሊመስል ይችላል። የዕድር፣ የቤተ እምነት ወይም የማኅበር ገንዘብ ያዥ ለሆኑ ወላጆቻችን ግን ሩቅ አይደለም፤ ሕንፃ ለመግዛት የተዋጣ ገንዘብ በአንድ ሒሳብ ውስጥ ከዚህ ሊያልፍ ይችላል። በስልካችን የምንጠቀምባቸው ብዙ የገንዘብ መተግበሪያዎችም ራሳቸው ባንክ አይደሉም። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገር አጣሩ፦ ገንዘባችሁ በየትኛው ባንክ ስም እንደተቀመጠና መድኑ ምን ያህሉን እንደሚሸፍን።