የቻይና የጦር መርከቦች መጠንና ሞተር ከሩቅ ሆኖ እንዴት ይገመታል?

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2 ቀን 2015 ሊንዪ የተሰኘች የቻይና ፍሪጌት ጦርነት ከበረታባት የየመን ወደብ ኤደን 225 የ10 አገራት ዜጎችን ጭና ጅቡቲ አድርሳለች። ከእነዚህ ውስጥ 29ኙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ቻይና ከ2 ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2017፣ በጅቡቲ የመጀመሪያውን የውጭ አገር ወታደራዊ ሰፈሯን ከፈተች። ለገቢና ወጪ ንግዳችን ዋነኛው በር ጅቡቲ በመሆኑ ስለነዚህ መርከቦች የሚወራው ጉዳይ በሩቅ የሚታይ አይደለም። በማኅበራዊ ሚዲያ ግን የተጋነነ ቁጥር ከእውነተኛው ጋር ተቀላቅሎ ይነዛል። ስለዚህ ባለሙያዎች ግምታቸውን በምን መንገድ እንደሚያገኙ በአጭሩ እናያለን።

ርዝመትና ወርድ

የመጀመሪያው መንገድ የሳተላይት ምስል ነው። በምስሉ ላይ አንዱ ነጥብ (ፒክስል) በምድር ላይ 3 ሜትር የሚወክል ከሆነና መርከቡ 60 ነጥብ ከያዘ ርዝመቱ 180 ሜትር ነው። በሁለቱ ጫፎች አንድ አንድ ነጥብ ብንሳሳት ልዩነቱ 6 ሜትር ይደርሳል። ምስሉ በጠራ ቁጥር ስህተቱ ይቀንሳል።

ምስሉ ከመርከብ ወይም ከወደብ ላይ የተነሳ ፎቶ ከሆነ ደግሞ ልኩ የሚታወቅ ነገር በአጠገቡ ይፈለጋል። ከጅቡቲ ተጭኖ እስከ ሶዶና ጉኑኖ ድረስ በመንገዳችን የምናየው ረጅሙ ኮንቴይነር 12.2 ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ኮንቴይነር መርከቡ አጠገብ ከታየ ስንት ጊዜ እንደሚገባበት መቁጠር ይቻላል። ሆኖም ሁለቱ ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ መሆን አለባቸው፤ ካልሆነ የቀረበው ትልቅ መስሎ ያታልላል።

ክብደት

የመርከብ ክብደት የሚገፋው ውኃ ክብደት ነው። ዓይነት 055 የሚባለውን የቻይና ዲስትሮየር እንውሰድ። ርዝመቱ 180፣ ወርዱ 20፣ ውኃ ውስጥ የሚሰምጠው 6.6 ሜትር ገደማ ነው። ሦስቱ ሲባዙ 23,760 ሜትር ኩብ ይሆናል። መርከብ ግን ሣጥን አይደለም፤ ፊቱ የሾለ ስለሆነ የሣጥኑን ግማሽ ያህል ብቻ ይሞላል። በባሕር ውኃ ክብደት (1.025) ስናባዛው ወደ 12,200 ቶን እናገኛለን። ይህም በውጭ ባለሙያዎች ከሚሰጠው ከ12,000 እስከ 13,000 ቶን ግምት ጋር ይስማማል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሦስቱም ልኬቶች 3 በመቶ ብንሳሳት ክብደቱ ላይ ስህተቱ ወደ 10 በመቶ ያድጋል። ርዝመት ብቻውንም አይበቃም። የቀድሞው ባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ “ኢትዮጵያ” 95 ሜትር ገደማ ርዝመት ነበራት፤ ክብደቷ ግን ከ3,000 ቶን በታች ነበር። ዓይነት 055 በርዝመት እጥፍ እንኳ ሳይሞላት በክብደት ከ4 እጥፍ በላይ ይበልጣታል።

ሞተሩ

የፍጥነትና የጉልበት ግንኙነት ቀጥተኛ አይደለም። ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ 8 እጥፍ ገደማ ጉልበት ያስፈልጋል። ከ27 ወደ 30 ኖት ለማሳደግ እንኳ ከሲሶ በላይ ጉልበት መጨመር ግድ ነው። ሊንዪን የመሰሉ ፍሪጌቶች በ4 የናፍጣ ሞተሮች 27 ኖት ያህል ሲሄዱ፣ ዓይነት 055 ግን እያንዳንዳቸው 28 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጩ 4 ጋዝ ተርባይኖች አሉት።

ጭስ ማውጫውም ይናገራል። ጋዝ ተርባይን ብዙ አየር ስለሚስብ ሰፊ ማስገቢያና ማውጫ ይፈልጋል። ኒውክሌር ግን ጭስ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ውኃ የገባችው ፉጂያን የተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ ጭስ ማውጫ ስላላት “ኒውክሌር ናት” የሚለው ወሬ ሐሰት መሆኑ ከፎቶ ብቻ ይታወቃል።

ሰርጓጅ መርከብ

ከሁሉም የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ አብዛኛው አካሉ ውኃ ውስጥ ስለሚቀር ከላይ የሚታየው ርዝመት ከእውነተኛው ያንሳል። ስለዚህ ባለሙያዎች መርከቡ ለጥገና ደረቅ ላይ የሚወጣበትን ጊዜ ይጠብቃሉ። በናፍጣና በባትሪ የሚሄደው ዩዋን የሚባለው ዓይነት 77 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በኒውክሌር የሚሄደው ዓይነት 093 ወደ 110 ሜትር ይጠጋል። የናፍጣው አየር ለማግኘት በየጊዜው ወደ ላይ መቅረብ አለበት፤ የኒውክሌሩ ግን ምግብ እስካለ ድረስ ለወራት ተደብቆ ይቆያል።

ከግምት በላይ አለመሄድ

በጅቡቲ ሰፈር የተሠራው የመርከብ ማቆሚያ በሳተላይት ሲለካ ወደ 340 ሜትር ነው። ፉጂያን 316 ሜትር ስለሆነች በርዝመት ትገባለች ማለት ነው። ነገር ግን ርዝመቱ መቻሉን እንጂ መምጣቷን አያሳይም፤ የውኃው ጥልቀት፣ አቅርቦቱና የፖለቲካ ውሳኔው ሌላ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ “ይህን ያህል ቶን ያለው መርከብ ቀይ ባሕር ገባ” የሚል ዜና ሲደርሰን ከማጋራታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ልኬቱ ከምን ምስል ተወሰደ? የስህተቱ መጠን ስንት ነው? የታየው ነገርና የተገመተው ነገር ተለይተው ተነግረዋል ወይ? መልስ የሌለው ቁጥር ወሬ እንጂ መረጃ አይደለም።