ሳኦ ፓውሎን በሁለት ቀን

ለስብሰባ ወይም ለትምህርት ጉዳይ ወደ ብራዚል የተላከ ወጣት ሠራተኛ ሥራው ዓርብ ማታ ቢያልቅና የመመለሻው አውሮፕላን ለእሑድ ሌሊት ቢቀጠር፣ በእጁ የሚቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2013 ጀምሮ ወደ ሳኦ ፓውሎ ስለሚበር ይህ ዕድል ላገራችን ሰው የሩቅ ሕልም አይደለም። እንግዲህ ሁለቱን ቀን በምን እናውላቸው?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ቅዳሜን ለሳኦ ፓውሎ፣ እሑድን ለሪዮ» የሚል ነው። እኛ በዚህ አንስማማም። ሪዮ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ በዚህ አኳኋን የሄደ ሰው ሁለት አውሮፕላን ጣቢያ አይቶ ሁለት ከተማ አየሁ ይላል። ሳኦ ፓውሎ ብቻዋን እንኳ አትጨረስም። በ2022 በተደረገው ቈጠራ በከተማዪቱ ክልል ውስጥ ከ11 ሚሊዮን ከ400 ሺህ በላይ ሕዝብ ተገኝቷል። ስለዚህ ሁሉን ለማየት ከመሮጥ አንድ ክር ይዞ መከተል ይሻላል፤ ለኛ የሚስማማን ክር ደግሞ ቡና ነው። በ1554 የካቶሊክ ሚሲዮናውያን የመሠረቷት ይህች ከተማ ሦስት መቶ ዓመት ያህል አነስተኛ ሆና ኖራ፣ ፈጥና ያደገችው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በቡና ገንዘብ ነው። ተክሉ ከየት እንደ ተነሣ ለአንባቢያችን መንገር አያስፈልግም።

ከዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር እናንሣ። ሳኦ ፓውሎ ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እኛም ከፈረንጅ አቈጣጠር የምንለየው በስድስት ሰዓት ነው። ስለዚህ ባገራችን አቈጣጠር የተሞላ ሰዓት ያሠረ ሰው መርፌውን መንካት የለበትም፤ አዲስ አበባ ላይ ለቀትር ስድስት የሚለው ሰዓት በዚያ ለጧቱ ስድስት ልክ ነው።

ቅዳሜ ጧት ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር ሉዝ ጣቢያ ይወረዳል። በታክሲ ለመሄድ ያሰበ ጧቱን በመኪና ሰልፍ ውስጥ ይጨርሳል። የሉዝን ሕንፃ በ1901 ሠርቶ የጨረሰው፣ ቡናን ወደ ሳንቶስ ወደብ የሚያወርደውን መሥመር በ1867 የከፈተው የእንግሊዞች የባቡር ኩባንያ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፒናኮቴካ የተባለው የሥዕል ቤተ መዘክር ቅዳሜ በነፃ ይታያል። ቀጥሎ ወደ ብራስ ሠፈር ነው። በዚያ ያለው የስደተኞች ቤተ መዘክር በ1887 ሥራ የጀመረ የእንግዶች ማረፊያ ነበረ፤ ከኢጣሊያ፣ ከስፓኝ፣ ከ1908 ወዲህም ከጃፓን የመጡ ሰዎች በዚህ እያደሩ ወደ ቡና እርሻ ይላኩ ነበር።

ብራዚል ባርነትን የሻረችው በ1888 መሆኑን ልብ ይሏል። እንግዶቹ የተፈለጉት በማን ቦታ ነበረ? ከአፍሪካ ተግዘው የመጡት ሰዎችና ልጆቻቸው ቡናውን ሲተክሉና ሲለቅሙ ኖረው፣ ነፃ በወጡ ጊዜ ካሣም መሬትም አላገኙም። ይህን የረሳ ጕብኝት ጐደሎ ነው እንላለን። ከምሳ በኋላም ወደ ሊበርዳጂ መሄድ የሚገባው ለዚህ ነው። የጐብኚ መጻሕፍት «የጃፓኖች ሠፈር» ብለው ምግብ ቤቱንና የመንገድ ፋኖሱን ያሞግሳሉ፤ ሐሰትም አይደለም። ነገር ግን አደባባዩ በቀድሞ ዘመን የስቅላት አደባባይ ይባል ነበር፤ ባሮችም ይሰቀሉበት ነበር። በአንዲት ጠባብ መንገድ መጨረሻ በ1779 የተሠራች፣ «የጭንቀተኞች» የምትባል ትንሽ ጸሎት ቤት ቆማለች፤ አጠገቧ የድኾችና የባሮች መቃብር ነበረ። በ2018 የባቡር ጣቢያው ስም «ጃፓን ሊበርዳጂ» በተባለ ጊዜ ጥቍሮቹ ብራዚላውያን መቃወማቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ስለ ምሳው፣ የከተማው ሰው ቅዳሜ ፌይጆአዳ ይበላል፤ ጥቍር አደንጓሬ ከሥጋ ጋራ ተቀቅሎ ነው። ሥጋው የዐሣማ ስለ ሆነ የኛ ሰው ሳይጠይቅ እንዳይጀምር! ጾም ካልሆነ ከካሳቫ ዱቄትና ከዐይብ የሚጋገረው ትንንሽ ዳቦ ይሻለዋል።

እሑድ ለፓውሊስታ ጐዳና ነው። በ1891 በተከፈተው በዚህ ጐዳና የቡና ከበርቴዎች ትልልቅ ቪላ ይሠሩ ነበር፤ ዛሬ ቦታውን የያዘው የባንክና የመሥሪያ ቤት ፎቅ ነው። እሑድ ቀን ለመኪና ስለሚዘጋ ሕዝቡ በእግርና በቢስክሌት ይንሸራሸርበታል። ሊና ቦ ባርዲ የነደፈችውና በ1968 የተመረቀው የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ከሥሩ 70 ሜትር ያህል ያለ ምሰሶ ተንጠልጥሎ ይታያል። ጊዜ ካጠረ ከውጭ አይቶ ማለፍ ይበቃል። የማይታለፈው በኢቢራፑዌራ መናፈሻ ውስጥ በ2004 የተከፈተው የአፍሮ ብራዚል ቤተ መዘክር ነው፤ ቅዳሜ በሊበርዳጂ የጀመረው ታሪክ በዚያ ይገኛልና።

በጐዳና ላይ ስልክ ዘርግቶ መቆም ለነጣቂ ማቅረብ ነው፤ መንገዱን ቤት ውስጥ አጥንቶ መውጣት ይበጃል። የጓሩሎስ አውሮፕላን ጣቢያም ከመሃል ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ እሑድ ማታ ቀደም ብሎ መነሣት ያስፈልጋል። ከብራዚል ቡና ገዝቶ ወደ ኢትዮጵያ መመለስ የሚያምረው ሰው ካለ፣ በ1933 በተከፈተው የማዘጋጃ ቤት ገበያ ቅዳሜ ዕለት ይግዛ።