የኮሌስትሮል ኪኒን ለጉበት?

ከአምበር እስከ ቢቸና፣ አልፎም እስከ ሞጣ ባለው አገር የጉበት ሕመምተኛ ሐኪም ፊት የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቅጠል ይፈለግለታል። ሆዱ ውሃ ሲቋጥር ወይም ደም ሲያስታውከው ቤተ ዘመድ ደብረ ማርቆስ ይዞት ይሮጣል። ያን ጊዜ ሲሮሲስ፣ ማለትም የጉበት በጠባሳ መወረር፣ ሥር ሰዷል።

ጠባሳው ጉበትን ያደነድነዋል። ከአንጀትና ከጣፊያ ደም የሚያመጣው ትልቁ ደም ሥር ማለፊያ ሲጠበው ግፊቱ ያይላል፤ ደሙም መውረጃው እንደተደፈነ ወንዝ ሌላ መንገድ ይፈልግና የምግብ ቧንቧውን ግርጌ ደም ሥሮች ያሳብጣል። ደም የሚያስታውከው እነዚህ ሲፈነዱ ነው። ጥፋቱ ግን የጠባሳው ብቻ አይደለም። የጉበት ጥቃቅን ደም ሥሮች የሚላሉበትን ናይትሪክ ኦክሳይድ በበቂ ስለማያመነጩ ይኮማተራሉ፤ ይህን መድኃኒት ሊመልሰው ይችላል።

ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል ኪኒኖች የተፈለጉትም ለዚህ ነው። የመጀመሪያውን ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ ከሻጋታ አወጣው (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኮሌስትሮልን የሚቀንሱት ጉበት ውስጥ እንዳይሠራ በመከልከል ስለሆነ፣ ሐኪሞች ለታመመ ጉበት ለማዘዝ ለረጅም ጊዜ ፈርተው ኖረዋል። ይሁንና በ2009 የታተመ ጥናት ከስታቲኖቹ አንዱ የሆነው ሲምቫስታቲን የጉበቱን ደም ሥር ግፊት ዝቅ እንደሚያደርግ አሳየ።

በ2016 የወጣው የስፔን ሙከራ ደግሞ ደም ፈስሷቸው የዳኑ 158 ሕሙማንን ያዘ። በተለመደው ሕክምና ላይ 40 ሚሊግራም ሲምቫስታቲን ከተጨመረላቸው 9 ከመቶ ሞቱ፤ አስመሳይ ኪኒን ከተሰጣቸው 22 ከመቶ። የሚገርመው፣ ዳግመኛ መድማቱ አልቀነሰም። ጉበታቸው ክፉኛ የደከመባቸው ሕሙማን አልተጠቀሙም፤ ሁለት ሰዎች ጡንቻቸው እየሟሟ ለኩላሊት አደጋ ተጋልጠዋል።

በኋላ የአውሮፓ 14 ሆስፒታሎች ጉበታቸው በጣም የተጎዳ ሕሙማን ላይ መጠኑን ወደ 20 ሚሊግራም ዝቅ አድርገው፣ ሪፋክሲሚን ከተባለ አንቲባዮቲክ ጋር ሞከሩት። በ2025 የታተመው ውጤት የሚያበረታታ አልነበረም፤ ሕመሙ ከመባባስ አልተገታም። በእኔ አስተያየት ስታቲን አንዳች ፋይዳ ካለው፣ ያ ፋይዳ ያለው ሆድ ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከሲሮሲስ ዋና መንስኤዎች አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ለቫይረሱ ቴኖፎቪር የተባለ መድኃኒት አለ፤ ክትባቱም ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት ይሰጣል። ለጉበቱ ደም ሥር ግፊት ደግሞ ፕሮፕራኖሎል የተባለው ርካሽ መድኃኒት ቀድሞም ነበር። በ2019 የታተመ የስፔን ጥናት ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ ሆዳቸው ገና ውሃ ያልቋጠረ 201 ሕሙማንን ተከታትሎ፣ ፕሮፕራኖሎልን ወይም ዘመዱን ካርቬዲሎልን ከወሰዱት 16 ከመቶው ጉበታቸው ሲደክም ወይም ሲሞቱ፣ ካልወሰዱት 27 ከመቶው እንዲህ እንደሆኑ አገኘ። አስም ያለበት ሰው ግን ሁለቱንም አይወስድም።