ከኮሮና ያገገመ ሰው ስለ ጉበቱም ይጠይቅ

ስዌፍየህ በምዕራብ አማን የሚገኝ የደራ የንግድ ሰፈር ነው። መደብሮች፣ ካፌዎች፣ የግል ክሊኒኮችና ፋርማሲዎች ተጠጋግተው ይታዩበታል። እንደ ሌሎቹ የምዕራብ አማን ሰፈሮች ሁሉ፣ ከሀገራቸው ርቀው በቤት ሠራተኝነት የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያት እህቶቻችንም በዚሁ አካባቢ ይገኛሉ። ዮርዳኖስ የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ያገኘችው የካቲት 23 ቀን 2012 ዓ.ም ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ደግሞ መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያውን ታማሚ ይፋ አደረገች። መጋቢት 12 ቀን በአማን ሳይረን ተሰምቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ የስዌፍየህ መደብሮችም ተዘጉ። ከዚያ በኋላ በአማን የልዑል ሐምዛ ሆስፒታል፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ኤካ ኮተቤና የሚሊኒየም አዳራሽ የሕሙማን ማደሪያ ሆኑ።

በእነዚያ ወራት የሁሉም ጭንቀት ሳንባ ነበር። ሆኖም ሐኪሞች የታማሚዎችን የደም ምርመራ ሲያገላብጡ፣ ያልጠበቁት ሌላ አካል ስሙ ተደጋግሞ አገኙት፤ እርሱም ጉበት ነው።

ነገሩ ገና ከጅምሩ ከቻይናዋ ዉሃን ከተማ ተሰምቷል። እ.አ.አ በ2020 መጀመሪያ በታተመው የ41 ታማሚዎች ዘገባ፣ ኤኤስቲ የተባለው ኢንዛይም በ15ቱ ላይ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡት 13 ሰዎች በ8ቱ፣ ካልገቡት 28 ሰዎች ደግሞ በ7ቱ ታይቷል። ከዚያ በኋላ 1 ሺህ 99 የቻይና ታማሚዎችን ያካተተው ሰፊ ጥናት ይህንኑ አጠናከረ። የኤኤስቲ መጨመር ሕመማቸው ካልጸናባቸው መካከል በ18 በመቶ ገደማ፣ ከጸናባቸው መካከል ደግሞ በ39 በመቶ ገደማ ተመዝግቧል።

ለመሆኑ እነዚህ ቁጥሮች ምን ይለካሉ? ኤኤልቲና ኤኤስቲ በጉበት ሕዋሳት ውስጥ የሚገኙ ኢንዛይሞች ናቸው። ሕዋሱ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳሉ፤ በደም ውስጥ መጠናቸው ሲጨምርም ጉዳት መኖሩን ይጠቁማሉ። ኤኤስቲ ግን በጡንቻና በልብም ውስጥ ስለሚገኝ፣ ብቻውን ከፍ ማለቱ ጥፋቱ የጉበት ነው ለማለት አያበቃም። ጉበቱ ሥራውን እየሠራ መሆን አለመሆኑን የሚናገሩት በይበልጥ ቢሊሩቢን፣ አልቡሚንና የደም መርጋት ምርመራ ናቸው። ስለዚህ "የጉበት ቁጥር ጨምሯል" ማለትና "ጉበት ሥራውን አቁሟል" ማለት እጅግ የተራራቁ ነገሮች ናቸው።

ቁጥሩን ከፍ የሚያደርጉት ምክንያቶችም ከአንድ በላይ ናቸው። አንደኛው የኦክስጅን እጥረት ነው። ሳንባ ሲዳከም ወደ ጉበት የሚደርሰው ደም ኦክስጅኑ ያንሳል፤ ሕዋሳቱም ይጎዳሉ። ሁለተኛው ሰውነት ቫይረሱን ለመመከት የሚያስነሳው ብርቱ የብግነት ማዕበል ነው። ሦስተኛው ቫይረሱ ራሱ ነው፤ ለመግቢያነት የሚጠቀምበት ተቀባይ በሐሞት ቧንቧ ሕዋሳት ላይ በብዛት መገኘቱ ተረጋግጧል። አራተኛው ደግሞ መድኃኒት ነው። በቻይናዋ ሸንዘን ከተማ በ417 ታማሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሎፒናቪርና ሪቶናቪር የተሰጣቸው ሰዎች ጉበታቸው የመጎዳት ዕድሉ ካልወሰዱት በአራት እጥፍ ገደማ ልቆ ተገኝቷል። እነዚህ መድኃኒቶች ለኮሮና እንደማይጠቅሙ በኋላ ላይ ሲረጋገጥ አገልግሎታቸው ቆመ።

በሀገራችን በዚያው ሰሞን ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዳማከሴው፣ ጤና አዳሙና ፌጦው በየቤቱ ይፈላና ይወቀጥ እንደነበር አይዘነጋም። ለምግብ ማጣፈጫነት በሚበቃ መጠን የለመድናቸው ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት አያስከትሉም። ነገር ግን ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ወይም ሥር ከመጠን በላይ መውሰድ ከሐኪም የሚደበቅ ጉዳይ ሊሆን አይገባም። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በ1990ዎቹ አጋማሽ የታየው ምክንያቱ ያልታወቀ የጉበት በሽታ ብዙ ቤተሰብ ካጠቃ በኋላ፣ ተመራማሪዎች ከምክንያቶቹ ዋነኛ አድርገው የጠቀሱት ከእህል ጋር የሚደባለቅ አረም መርዝ ነበር። ከመሬት የበቀለ ሁሉ ለጉበት ደግ አይደለም።

አምስተኛው ምክንያት ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበው ነው፤ ይኸውም ከኮሮና አስቀድሞ በሰውነት ውስጥ የነበረ የጉበት ሕመም ነው። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ እንደሚያሳየው፣ ከ100 ሰዎች 7ቱ ገደማ በሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የተያዙ ናቸው። ብዙዎቹ ሕመም ስለማይሰማቸው አያውቁትም። የሄፓታይተስ ቢ መከላከያን የያዘው የሕፃናት ክትባት ወደ ሀገራችን የገባው እ.አ.አ በ2007 በመሆኑ፣ ዛሬ ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄዱት አብዛኞቹ ወጣቶች በሕፃንነታቸው አላገኙትም። ስለዚህ ለኮሮና ተብሎ በተቀዳ ደም ላይ የጉበት ቁጥር ጨምሮ ሲገኝ፣ የታየው ነገር ምናልባት የዓመታት ሕመም ሊሆን ይችላል።

ይህንን አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። ከሰኔ 2012 ዓ.ም ጀምሮ የጸና ሕመም ላለባቸው የኮሮና ታማሚዎች ሕይወት አድን መሆኑ የታወቀው ዴክሳሜታዞን፣ እንዲሁም ቶሲሊዙማብን የመሰሉ መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ስለሚያለዝቡ፣ ተኝቶ የነበረ ሄፓታይተስ ቢን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ይህ ማለት መድኃኒቱ ይቅር ማለት አይደለም፤ ታማሚው ይመርመር፣ ካስፈለገም መከላከያ መድኃኒት ይሰጠው ማለት ነው። ጉበታቸው ጠባሳ ይዞ ሲሮሲስ ደረጃ ለደረሱ ሰዎች ደግሞ ኮሮና ራሱ ከባድ ነው። ከ29 ሀገራት የተሰባሰቡ 745 የጉበት ታማሚዎችን በተከታተለ ጥናት፣ ሲሮሲስ ካለባቸው መካከል 32 በመቶው፣ ከሌለባቸው መካከል ደግሞ 8 በመቶው ሕይወታቸው አልፏል።

ስለ ጉበት ሕመም በማኅበረሰባችን ውስጥ የሚነገረው ነገርም እንቅፋት ነው። የዓይን ቢጫ መሆን "የወፍ በሽታ" ይባላል፤ የሌሊት ወፍ ያመጣው ነው የሚል እምነትም አለ። በዚህ የተነሳ ብዙዎች ወደ ጤና ተቋም የሚመጡት ዘግይተው ነው። በስደት ላይ ያለች ሠራተኛ ደግሞ ሌላ ስጋት ይጨመርባታል፤ ሕመሟ ቢታወቅ እንጀራዋ የሚቋረጥ ይመስላታል። የተሰጣት የምርመራ ወረቀት በማታነበው ቋንቋ ከሆነም በሻንጣዋ ውስጥ ተረስቶ ይቀራል። አበው "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

መልካሙ ዜና፣ በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ የጉበት ቁጥር መጨመሩ መለስተኛ መሆኑና ከኮሮና ሲያገግሙ በሳምንታት ውስጥ ወደ ነበረበት መመለሱ ነው። ያልተመለሰው ግን ምክንያቱ ሊፈለግ ይገባል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ረጅም ጊዜ በመተንፈሻ መሣሪያ ታግዘው ከቆዩ ሰዎች መካከል ጥቂቶቹ ካገገሙ ከወራት በኋላ የሐሞት ቧንቧ ጉዳት ታይቶባቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና ዓለም አቀፍ የአደጋ ጊዜ ማብቃቱን ያወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም ነው። ቫይረሱ ግን አልጠፋም፤ የሆስፒታል አልጋ የሚይዙ ሰዎችም አሉ። በኮሮና ምክንያት ተኝቶ የወጣ ሰው፣ በአዲስ አበባም ሆነ በአማን ይኑር፣ የደም ምርመራ ውጤቱን ቅጂ ይዞ ይውጣ። ሐኪሙንም የጉበቴ ቁጥር ጨምሮ ነበርን? ከመታመሜ በፊትስ እንዴት ነበር? የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራ ተደርጎልኛልን? መቼስ ልመለስ? ብሎ ይጠይቅ። የወሰደውን መድኃኒትና ባህላዊ መድኃኒት ሁሉ ሳይደብቅ ይናገር፤ ፓራሲታሞልንም ከታዘዘለት መጠን አያሳልፍ። ሄፓታይተስ ቢ ከተገኘበት በሽታውን የሚቆጣጠር መድኃኒት አለ፤ ነፃ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ክትባቱን መውሰድ ይችላል። የቤተሰቡ አባላትም እንደዚሁ ይመርመሩ።