የመስቀል ወፍ ከወዴት ትመጣለች?



በመስከረም ወር የክረምቱ ደመና ገለል ሲል፣ አደይ አበባም በየሜዳው ሲፈነዳ፣ በየዓመቱ ከልጆች አፍ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ። «የመስቀል ወፍ ከወዴት ትመጣለች? ከመስቀል በኋላስ ወዴት ትሄዳለች?» የሚል ነው። እኛ ታላላቆቹ የምንሰጠው መልስ እንደየቤቱ ይለያያል። አንዱ ከበረሃ ትመጣለች ይላል፤ ሌላው ከባሕር ማዶ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ የያዘውን ሥራ ላለማቋረጥ ሲል «ቀጠሮ አላት» ብሎ ያልፋል። የራሴ ልጅ በጠየቀችኝ ጊዜ እኔ ከሦስተኛው ወገን እንደ ነበርሁ መናገር አለብኝ።

እውነተኛውን መልስ ያገኘሁት ሩቅ አገር ሄጄ ሳይሆን በገዛ ቤቴ መስኮት አጠገብ ቆሜ ነው። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ በየጓሮአችን የሚኖሩትን አዕዋፍ ከቤት ሳይወጡ ስለ መመልከትና ፎቶግራፋቸውን ስለ ማንሣት ይሆናል።

የምኖረው በአዲስ አበባ ከተማ ዳርቻ ነው። ከጓሮዬ የኮሽም አጥር ማዶ ለብዙ ዓመት ማንም ቤት ያልሠራበት አንድ ባዶ ቦታ ነበር፤ በክረምት ሣሩ ከሰው ጉልበት በላይ ያድግበታል። ይህም ቦታ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ይታያል። ልጄ ከጠየቀችኝ በኋላ፣ በተከታዩ ሰኔ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ አኖርሁ። ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤት ከመሄዴ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል እየቆምሁ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ በቻልሁም ጊዜ ፎቶግራፍ አነሣለሁ።

በሰኔ ያየሁት ነገር ዓይን የሚስብ አልነበረም። ድንቢጥ የሚመስሉ፣ መልካቸው ቡናማ ሆኖ ጥቁር ሰረዝ ያለበት፣ አሥር ወይም አሥራ ሁለት የሚሆኑ ትንንሽ ወፎች የሣር ፍሬ ይለቅማሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይኔን አላሳርፍባቸውም ነበር። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ተነሥተው ሲበሩ፣ ከጭራቸው በላይ በወገባቸው ላይ ቢጫ ነገር ብልጭ ይላል። በሐምሌ አጋማሽ ከነዚሁ አንዱ ደረቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። ከሳምንት በኋላ ጥቁሩ ሰፋ፤ ወፉም አሮጌ ካፖርቱን በአዲስ ጨርቅ የጣፈ ሰው መሰለ። ነሐሴ ሲያልቅ ቡናማው ጨርሶ ጠፋ። ከራሱ እስከ ጭራው እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ትከሻውና ወገቡ ግን እንደ አደይ አበባ ቢጫ የሆነ ወፍ በሣሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ላባውን ነፍቶ ይታይ ጀመር። ልጄ ስለ እርሱ የጠየቀችኝ ወፍ ይኸው ነበር።

ፎቶግራፎቹን በየቀናቸው ተራ አድርጌ ባሳየኋት ጊዜ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ እኮ የትም አልሄደችም!» አለች።

በእርግጥ በሰኔ ያየሁትና በመስከረም ያየሁት ያው አንዱ ወፍ ለመሆኑ፣ ምልክት አላደረግሁበትምና፣ ልምል አልችልም። ዳሩ ግን ግማሹ ቡናማ ግማሹ ጥቁር የሆነውን ወፍ በሐምሌ ዝናብ ውስጥ ያየ ሰው ነገሩን ለማመን ሌላ ምስክር አያሻውም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ላባ አንድ ጊዜ አድጎ ካበቃ በኋላ እንደ ጥፍር ሕይወት የሌለው ነገር ነው፤ እንደ ጨርቅም ቀለም አይነከርም። ወፍ መልኩን የሚለውጠው አሮጌውን ላባ አራግፎ በምትኩ አዲስ በማብቀል ነው። ጥቁሩን ቀለም ሰውነቱ ራሱ ያዘጋጀዋል፤ ቢጫው ግን መነሻው ከሚመገበው ምግብ ነው። ይህን የክብር ልብስ የሚለብሰው ወንዱ ብቻ ሲሆን፣ ሴቲቱ ዓመቱን በሙሉ በቡናማ ልብሷ ትኖራለች። እንቁላል የምትታቀፈው በሣር መካከል ነውና መታየት አይበጃትም። የክረምቱ ዝናብ ሣሩን ለጎጆ መሸሸጊያ እስኪሆን ያሳድገዋል፤ ለጫጩት የሚሆን ፍሬና ነፍሳትም ያን ጊዜ ይበዛል። ወንዱም በዚያ ጊዜ ደምቆ የሚታየው ሴቶቹን ለመጥራትና ሌሎቹን ወንዶች ከግዛቱ ለማራቅ ነው። የመራቢያው ወራት ካለፈ በኋላ ግን ያ ውበት ለጭልፊት ዓይን ከመጋለጥ በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለምና አውልቆ ይጥለዋል። እንግዲህ እኛ በታኅሣሥ «የመስቀል ወፍ ሄደች» ስንል፣ እርስዋ በአጥራችን ላይ ተቀምጣ ታየን ይሆናል።

በነገራችን ላይ፣ የመስቀል ወፍ የሚለው ስም በሁሉም ስፍራ ለአንድ ዓይነት ወፍ ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ቀይና ጥቁር የሚለብሰውን የሚሉ አሉ፤ ጭራው ከሰውነቱ ይልቅ የሚረዝመውን ጥቁርና ነጭ ወፍ የሚሉም አሉ። የነዚህም ወንዶች እንዲሁ ከመራቢያው ወራት ውጭ ቡናማ ናቸው። የባለ ረጅም ጭራው ሚስት ደግሞ ጎጆ መሥራት የማትወድ ናት፤ እንቁላልዋን በሌላ ትንሽ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች፤ ልጆችዋንም ባለቤቲቱ ከራስዋ ልጆች ጋር ታሳድግላታለች።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ነገር ግን በዚያው ደብተር ላይ ቆይቶ የተገኘው ነው። በመስከረም መጨረሻ ሣሩ ወደ ታጨደበት ወገን፣ ሆድዋ ቢጫ፣ እግርዋ ቀጭን፣ ስትራመድ ጭራዋን ሽቅብና ቁልቁል የምታወዛውዝ አንዲት ወፍ መጣች። ቀድሞ አልነበረችም፤ እስከ መጋቢትም ቆይታ ጠፋች። ይህች በእውነት መንገደኛ ናት። ዘመዶችዋ የሚፈለፈሉት በአውሮፓና በእስያ ነው፤ ብርዱ ሲመጣ በረሃና ባሕር አቋርጠው ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ፤ ብርዱ ሲያልፍ ይመለሳሉ። ነገሩን ልብ በሉ፤ እንግዳ ብለን በዓመት አንድ ጊዜ የምንቀበላት ወፍ የቤቱ ባለቤት ሆና ስትገኝ፣ እውነተኛይቱ እንግዳ ግን በየዓመቱ እየመጣች ስንቶቻችን እንኳን ደኅና መጣሽ ብለናት እናውቃለን?

ይህን ለማስተዋል በቤት ተቀምጦ የሚመለከት ሰው ከመንገደኛ ይሻላል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን ተዘዋውሮ፣ ለዓለም ሊቃውንት ገና ያልታወቁ ብዙ አዕዋፍን ገልጦ ጽፏል። ወፍራም መንቆር ያለውና በማጅራቱ ነጭ ምልክት ያለበት ትልቁ ቁራችን፣ አንገትዋ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት በየቤተ ክርስቲያኑ ጣራ የምትሰፍረው ርግብ፣ ጠዋት በቡድን እየጮኸ በከተማይቱ ላይ የሚያልፈው ቆልማማ መንቆር ያለው ትልቅ ወፍ፣ የሳይንስ ስማቸውን ያገኙት ከእርሱ ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር አይኖሩም። እኛ ቀና ብለን የማናያቸውን ለማየት ሰዎች ከሩቅ አገር ገንዘብ ከፍለው ይመጣሉ። ነገር ግን በሩፔል ዘመን ወፍን ለማጥናት በጠመንጃ መግደልና ቆዳውን መግፈፍ ግድ ነበር። ከዚህም ሌላ መንገደኛ አንድን ስፍራ በአንድ ወር ያየዋል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚያየው ነዋሪው ነው።

አሁን ስለ አሠራሩ ጥቂት ልናገር። ወፍ የሚፈራው የሰውን ቅርጽና እንቅስቃሴ እንጂ ቤትን አይደለም። ስለዚህ የክፍሉን መብራት አጥፍታችሁ፣ ከመጋረጃው ጎን ብትቆሙ፣ ቤታችሁ ራሱ መሸሸጊያ ይሆናችኋል። በመስተዋት ውስጥ ስታነሡ የካሜራውን ዓይን ከመስተዋቱ ጋር አጣብቁት፤ ያለዚያ የወፏን ሳይሆን የገዛ ራሳችሁን ፎቶግራፍ ታገኛላችሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ከሁሉ የተሻለ ነው፤ በቀትር ፀሐይ ከአናት ላይ ስለምትወርድ የወፏን ፊትና ሆድ ታጨልማለች። ወፍ ተቀምጣ እንኳ አታርፍምና የካሜራው መዝጊያ ከሴኮንድ አንድ አምስት መቶኛ ባልዘገየ ፍጥነት ቢሠራ ይመረጣል። 300 ሚሊ ሜትር የሚሆን ሌንስ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ የሌለው ግን በእጅ ስልኩም ቢሆን ወፏ ወደምትቀርብበት ስፍራ አነጣጥሮ መጠበቅ ይችላል።

ወፎች እንዲቀርቡ ዳቦ መበተን አያስፈልግም። አንድ ዝርግ የሸክላ ሳሕን፣ ከሁለት ጣት የማይጠልቅ ውሃ፣ በመካከሉም መቆሚያ የሚሆን ሻካራ ድንጋይ ይበቃል። ውሃው በየቀኑ ይለወጥ፤ ድመትም ከምትደበቅበት ቁጥቋጦ ይራቅ። ሬት በአጥር ሥር ብትተክሉ፣ ሲያብብ ቀጭንና ቆልማማ መንቆር ያላቸው፣ ላባቸው በፀሐይ የሚያብረቀርቅ ትንንሽ ወፎች ወለላውን ሊመጡ ይመጣሉ። ትልልቅ መስተዋት ያለው ቤት የሠራችሁ ግን ይህን አስቡ፤ ወፍ በመስተዋቱ ላይ የሚታየውን ዛፍ እውነተኛ ዛፍ መስሏት በሙሉ ኃይልዋ ትጋጫለች። በስተውጭ በኩል በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተሰመሩ ነጫጭ መስመሮች ከብዙ ሞት ያድኗታል።

ደብተሩን አደራ! ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ምን ዋጋ እንዳለው እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ቀንና ስፍራ ያልተጻፈበት የወፍ ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው፤ ያምራል፣ ግን አይመሰክርም። ማስታወሻውን ለሌሎች ለማካፈል የሚወድ ሰው ኢበርድ ወደተባለው፣ የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአዕዋፍ ጥናት ክፍልና አውዱቦን የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 ወደጀመሩት መዝገብ በኢንተርኔት ሊያስገባው ይችላል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። በኮሽሙ አጥር ውስጥ አንዲት ዋኖስ ሁለት ጫጩት ፈልፍላ ነበር። ከመስኮቱ ስመለከት አንድ ቅርንጫፍ ይጋርደኛል። አንድ እሑድ ጠዋት ወጥቼ ያንን ቅርንጫፍ ቆረጥሁና ተመልሼ አነሣሁ፤ ፎቶግራፉም እጅግ አማረ፤ እናቲቱ ስታጎርሳቸው ሁለቱም ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ። ለእኔ እንዲታይ ያደረግሁት ጎጆ ለቁራም እንደሚታይ አላሰብሁም። ሰኞ ከሥራ ስመለስ ጎጆው ባዶ ነበር፤ ዋኖስዋ በሽቦው ላይ ተቀምጣለች። ያ ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አለኝ፤ ለማንም አሳይቼው አላውቅም። ስለዚህ በጎጆ አጠገብ ቅጠል አትቁረጡ፤ ወደ ጎጆም አትቅረቡ፤ ልጆችም ሲቀርቡ ከልክሉ። ከሩቅ የማይታይ ጎጆ ካለ፣ እንዳይታይ ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ ነው።

ያ ባዶ ቦታ ባለፈው ግንቦት መሠረት ተቆፈረበት። ባለቤቱ ቤት መሥራቱ መብቱ ነው፤ እኔም የተቀመጥሁበት ቤት አንድ ጊዜ የሣር ሜዳ እንደ ነበረ አውቃለሁ። በክረምቱ ግን ሣር አልበቀለም፤ በመስከረምም ከመስኮቴ ፊት ጥቁርና ቢጫ የለበሰ ወፍ አልታየም። ልጄ አሁን ከፍ ብላለች፤ መስኮቱ አጠገብ ቆማ «አሁንስ ወዴት ሄደች?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ ጊዜ ቀጠሮ አላት ለማለት አልደፈርሁም።

በአጥሩ ውስጥ በኩል፣ ስፋቱ ሦስት እርምጃ የሚሆን ሣር ሳላጭድ ትቼአለሁ። ጎረቤቴም ይህን አይቶ ከእርሱ ወገን እንዲሁ ተወልኝ። ደብተሩ በመስኮቱ ደፍ ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድማ የምትጽፍበት ልጄ ሆናለች። እስካሁን የተጻፈው ድንቢጥ ስድስት፣ ዋኖስ ሁለት፣ ቁራ አንድ ነው። ድንቢጦቹ ሲነሡ ወገባቸውን እንድታይ ነግሬአታለሁ።