የልጅዎ ቁመት ምን ይነግርዎታል?

ጨርቅ በክንድ ይለካ በነበረበት ዘመን ረጅም ክንድ ያለው ዘመድ ይዞ ገበያ የወጣ ገዢ አይፈረድበትም። ክንድ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ነው፤ ስንዝር ደግሞ መዳፍ ተዘርግቶ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ። ሁለቱም ከሰው የማይለዩ፣ ወጪ የሌላቸው መለኪያዎች ናቸው። ችግሩ የእርስዎና የነጋዴው ክንድ እኩል አለመሆኑ ነው።

ሜትር የመጣው ይህን ክርክር ለማስቀረት ነው። በ1790ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ ሊቃውንት ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ርቀት ለአሥር ሚሊዮን ከፍለው አንዱን እጅ «ሜትር» አሉት። ከ1983 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ ብርሃን በ1/299,792,458 ሰከንድ የሚጓዘው ርቀት ሆኗል። ስለዚህ የመርካቶው ሜትርና የቶኪዮው ሜትር አንድ ናቸው።

ቤትዎ ውስጥ ከመጋረጃና ከምንጣፍ ይልቅ ጥንቃቄ ያለው ልኬት የሚፈልግ ነገር አለ፦ የልጅዎ ቁመት። ብዙዎቻችን የልጅን ጤና የምናየው በክብደቱ ነው። ክብደት ግን የሰሞኑን ይናገራል፤ ተቅማጥ ይቀንሰዋል፣ ጥሩ ምግብ ይመልሰዋል። ቁመት የሚናገረው የወራትና የዓመታትን ታሪክ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያመለጠውን እድገት በኋላ ማካካስ ደግሞ ከባድ ነው።

«ዘሩ አጭር ነው»

ልጅ ከእኩዮቹ ሲያጥር ቶሎ የምንሰጠው ምክንያት ይህ ነው። ዘር ድርሻ አለው፤ በተለይ ልጁ ከፍ እያለ ሲሄድ። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ባካሄደው ጥናት፣ ጡት የጠቡና በሚገባ የተያዙ ሕፃናት እስከ አምስት ዓመታቸው የሚያድጉት በጣም ተቀራራቢ በሆነ መጠን መሆኑ ታይቷል። ጤና ጣቢያ የሚጠቀምበት የእድገት መከታተያ የተሠራው ከዚህ ጥናት ነው።

አብዛኛው ሕፃን ሲወለድ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአንደኛ ልደቱ 75፣ በሁለተኛው 87 ገደማ ይደርሳል። ከሦስት ዓመቱ በኋላ እስከ ጉርምስና በዓመት ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ሁለት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ቆሞ ሲለካ ከ81፣ ሴት ልጅ ደግሞ ከ79.3 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆኑ ባለሙያዎች «መቀንጨር» ይሉታል።

በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የቀነጨሩት በ2000 (እ.ኤ.አ.) 58 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 (እ.ኤ.አ.) 37 በመቶ ሆነዋል። «ይህ የድሃ ቤት ችግር ነው» እንዳይሉ፤ በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኑሮ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ካሉት ቤተሰቦች ልጆችም ከአራቱ አንዱ ያህል ቀንጭረው ተገኝተዋል። ሆድ መሙላት ብቻውን አያሳድግም። ቀጭን አጥሚት ላይ ብቻ መቆየት፣ ከስድስት ወር በኋላ እንቁላል፣ ጥራጥሬ፣ ወተትና አትክልት አለመጀመር፣ ተቅማጥ መመላለሱ እድገትን ይገታሉ።

እንዴት ይለኩ?

ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ የሚለካው ተኝቶ ነው። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ጭንቅላቱን ይይዛል፣ ሌላው ጉልበቱን ቀና አድርጎ ይለካል። ይህን ጤና ጣቢያ ቢያስለኩ ይሻላል። ሁለት ዓመት የሞላው ግን ቤት ውስጥ ቆሞ ሊለካ ይችላል።

ጫማውን ያውልቁ፤ ሹሩባዋን ወይም የፀጉር ጌጧን ይፍቱ። ተረከዝ፣ መቀመጫ፣ ትከሻና የጭንቅላት ኋላ ግድግዳውን ይንኩ፤ ዓይን ፊት ለፊት ይይ። ጠንካራ መጽሐፍ ጭንቅላቱ ላይ አግድመው ግድግዳው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ ከወለሉ ጀምረው በሜትር ይለኩ። ሰው ማታ ላይ ከጠዋቱ ጥቂት ስለሚያጥር ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። ተኝቶ የተለካ ልጅ ቆሞ ሲለካ 0.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊቀንስ ይችላል፤ አይደንግጡ።

አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ቀኑን ጽፈው ከሦስት ወይም ከስድስት ወር በኋላ ይድገሙት። ልጅዎ አጭር ቢሆንም በራሱ መስመር እየጨመረ ከሄደ መልካም ነው፤ መስመሩ ከተኛ ግን የሚቀጥለውን ልደት አይጠብቁ፤ ማስታወሻዎን ይዘው ሐኪም ያማክሩ።